«ልጄ ከፓስታና ከሻይ ውጪ አይነካም»፦ ከአዘዞ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ወንድ ልጄ ባለፈው ሳምንት ሦስት ዓመት ሞላው። ክብደቱ 11 ኪሎ ነው። የዛሬ ዓመት 10 ኪሎ ነበር። ጤና ጣቢያ ክንዱን ለክተው 13.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አረንጓዴ ላይ ነው ብለውኛል። ግን አይበላም። ፓስታ፣ ዳቦ በሻይ፣ ብስኩት፤ በቃ። እንጀራ ሳጎርሰው ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆይና ይተፋዋል። አጥሚት ግን ጠዋትና ማታ በጡጦ ይጠጣል። ቤታችን ጿሚ ስለሆነ ወተትና እንቁላል ሁልጊዜ አይገባም። አማቴ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ግዢለት ትለኛለች። ምን ላብላው? ግራ ገብቶኛል።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ እንጥሉ እንነጋገር፤ ሌላው ነገር ሁለት ቀን ቢቆይ ችግር የለውም፣ ይሄ ግን አይቆይም። አይቆረጥ። እንጥል ልጅን ከመብላት አይከለክልም። ቶንሲሉ አብጦ ወይም ጉሮሮው ቆስሎ ከሆነ ሐኪም አይቶ መድኃኒት ይሰጠዋል። በምላጭ የተቆረጠ እንጥል ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ በቁስሉ ቴታነስ ሊገባ ይችላል። ደም ፈሶት የሞተ ልጅም አለ። ከሞት የተረፈውም ቢሆን መዋጥ ሲያመው የነበረችውን ትንሽ ፍላጎት ጨርሶ ይተዋታል። አማትሽ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የልጅ ልጃቸው ሲመነምን ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። በኋላ ለእሳቸውም ሥራ አለኝ።

አሁን ወደ ኪሎው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 14.3 ኪሎ ነው። ከ11.3 በታች ሲሆን ክብደቱ ለዕድሜው አነሰ ይባላል። ያንቺ ልጅ 11 ነው። የዛሬ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ መስመሩ 9.7 ላይ ነበር፤ እሱ 10 ስለነበር ከመስመሩ በላይ ነበር። በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ልጅ በዓመት ሁለት ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ ያንቺ አንድ ብቻ ጨመረ። ስለዚህ «ቀጭን ዘር ነው፣ አባቱም እንዲህ ነበር» ብለን አናልፈውም።

የክንዱ ልክ ግን ደስ ይላል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቢሆን መካከለኛ፣ ከ11.5 በታች ቢሆን ከባድ የምግብ እጥረት ነው ብለን ዛሬውኑ ለሕክምና እንልከው ነበር። 13.4 ማለት ቤት ውስጥ ለመሥራት ጊዜ አለን ማለት ነው። ያልነገርሽኝ የቁመቱን ልክ ነው። ስትመለሺ ቁመቱንም ለኩልኝ በያቸው። አጭርም ከሆነ እጥረቱ የቆየ ነው። ቁመቱ ደህና ሆኖ ሰውነቱ ብቻ ከከሳ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ሕመም መኖር አለመኖሩንም አጥብቀን እንፈልጋለን።

አሁን ምን ላብላው ወዳልሽው። በመጀመሪያ ስለ ሆዱ አንድ ነገር ልብ በይ። የትንሽ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ 30 ግራም ነው። ያንቺ ልጅ 330 ግራም ገደማ ቢይዝ ነው፤ ሁለት የሻይ ብርጭቆ እንደማለት። በቀን ደግሞ 1,000 ካሎሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ የጎደለውን ለመካስ ከዚያም ይበልጣል። ያንን ሁሉ በዚያች ትንሽ ሆድ ማስገባት የሚቻለው ምግቡ ጉልበት ያለው ሲሆን ብቻ ነው። እናቶች «ስንት ጉርሻ ላጉርሰው?» ብለው ሲጠይቁኝ የጉርሻውን ቁጥር እንዲተዉት እነግራቸዋለሁ። ሦስት ጉርሻ ብቻ ከበላ፣ ሦስቱ ጉርሻ ይክበዱ።

ለዚህ ነው አጥሚቱ ያስጨነቀኝ። በጡጦ ቀዳዳ እንዲያልፍ አቅጥነሽ ነው የምትሠሪው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት ገብቶ ይሆናል። ያ ዱቄት 35 ካሎሪ ገደማ ነው። ቀሪው ውኃ ነው። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ጠግቦ ይተኛል፤ የበላው ግን ከአንድ ትንሽ ቁራሽ ዳቦ አይበልጥም። አንቺ ደግሞ «አጥሚቱን እንኳ ጨረሰልኝ» ብለሽ ትጽናኛለሽ።

ያንኑ ብርጭቆ እንዲህ አድርጊው። ውኃውን በወተት ተኪው፤ 90 ካሎሪ ገደማ ተጨመረ። አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት ጣል አድርጊበት፤ 40። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰሊጥ ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ አሟሚበት፤ 90። ከዱቄቱ ጋር ሲደመር ከ250 ያልፋል። ብርጭቆው ያው ብርጭቆ ነው፤ ሆዱም ያው ሆድ ነው፤ ጉልበቱ ግን ሰባት እጥፍ ሆነ። ወፈር ስለሚል በጡጦ አያልፍም፤ ይሻላል። በሦስት ዓመቱ ጡጦ ይብቃው። በኩባያና በማንኪያ ይሁን። ሁለት ሦስት ቀን ያኮርፍ ይሆናል። ቻይው።

ቅቤ ተወዷል፣ አውቃለሁ። ቅቤ ከሌለ ዘይት አለ። የኑግም የሰሊጥም የሱፍም ዘይት ይሁን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 40 ካሎሪ ገደማ አለው። ሳይጠበስበት፣ ምግቡ ከወጣ በኋላ ከላይ ጠብ ሲደረግ ልጁ ጣዕሙን ልብም አይለውም።

ሰሊጡን ግን ጎንደር ሆነሽ እንዳታልፊው። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥ ሌላው አገር በውድ የሚገዛው ነው፤ እኛ ቅዳሜ ገበያ ወርደን በጣሳ እንሸምተዋለን። አሠራሩን ልንገርሽ። አበጥሪው፣ እጠቢው፣ በደንብ አድርቂው። በለስላሳ እሳት፣ እያማሰልሽ ቁዪው። መንጣጣት ሲጀምር፣ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ሲሄድና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ቶሎ አውርጂ። ትንሽ ካለፈ ይመርራል፤ መራጭ ልጅ ደግሞ አንዴ ከመረረው በሌላ ቀን አያምንሽም። ትኩስ እያለ ፍጪው ወይም ሙቀጫ ውስጥ ውቀጪው። መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ይመስልሻል። ተስፋ አትቁረጪ። ቆይቶ ዘይቱ ወጥቶ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ጨው ቆንጠር አድርጊበትና በብልቃጥ ክደኚው። ከዚያ ከዳቦው ላይ መቀባት፣ አጥሚት ውስጥ ማሟሟት፣ ገንፎው መሀል ከቅቤው ጋር መጨመር ነው።

ኦቾሎኒም እንዲሁ ይሠራል። ስትለቅሚ ግን የሻገተውን፣ የጠቆረውንና የተኮማተረውን ፍሬ አውጥተሽ ጣይ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበት ይጎዳል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መጀመሪያ ቀን ሩብ ማንኪያ አቅምሺው። ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ካስመለሰው አቁሚና ሐኪም አማክሪ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ኦቾሎኒም ሆነ ቆሎ እንደ ፍሬው አይሰጠው። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲዞር ትንሹም እጁን ይዘረጋል፤ ሁላችንም እንዘግንለታለን። አንዲት ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው ከገባች ልጅ ታፍናለች። አምስት ዓመት እስኪሆነው ይፈጭለት።

ፓስታ ስለወደደ አትዘኚ። በሩ እሱ ነው፤ በእሱ እንግባ። ሲበስል አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪበት። እንቁላል መትተሽ ትኩሱ ላይ አፍስሺና እሳት ላይ እያማሰልሽ አብስዪው፤ ፓስታውን ይለብሰዋል እንጂ ለብቻው አይታይም። አንድ እንቁላል 70 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። በሌላ ቀን በደንብ የላመ ምስር በስጎው ውስጥ፣ በሌላ ቀን ደቆ የተፈጨ ሥጋ። በርበሬውን ቀንሺ። ብዙ ልጅ እንጀራን የሚተፋው እንጀራውን ጠልቶ ሳይሆን ወጡ አቃጥሎት ነው። ሽሮውን አልጫ አድርገሽ፣ በቅቤ ወይም በዘይት ፈትፍተሽ፣ ከራስሽ ሳህን ላይ ይቅመሰው። በነገራችን ላይ የሽሮ እህል ስታዘጋጂ ጓያ አታስገቢ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ጓያ መብላት እግርን ሽባ ያደርጋል።

ዳቦውም አይቅርበት። ዳቦ ላይ የሰሊጥ ቅቤና ማር፣ ወይም አቮካዶ ተፈጭቶ። ሻዩ ግን ይቅር። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ብረት ያነሰው ልጅ ደግሞ ፍላጎቱ ይዘጋል። በአንዴ ብትከለክዪው ጦርነት ነው። ዛሬ ሻዩ ላይ ሩብ ወተት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ግማሽ፣ ከዚያ ሻዩ ለቀለም ብቻ፣ በመጨረሻ ወተት ብቻ። ሳያውቀው ትሻገሩታላችሁ። ወተቱ የቤት ላም ወተት ከሆነ በደንብ ይፍላ። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ግን አትስጪው፤ ወተት ብቻ የሚጠጣ ልጅም ምግብ አይበላም፣ ደሙም ያንሳል።

ለመክሰስ በሶን የሚያህል የለም። የዳባትና የደባርቅ ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ በሶ ካለሽ፣ በለሰለሰ ቅቤና በማር አሽተሽ በትንንሹ አድቦልቡዪው። ያንን ራሱ በእጁ ይዞ ይበላዋል። ሙዝ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ እርጎ በማር፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች በቅቤ፤ እነዚህም ይሆናሉ። ከጣና ቆሮሶ ዓሣ ስታገኚ እሾሁን በጣትሽ ፈልጊና ሥጋውን ብቻ ስጪው። ጎመንና ካሮት ያስፈልጉታል፣ ግን ክብደት የሚጨምሩለት እነሱ አይደሉም፤ ትንሽ ትንሽ፣ በዘይት። ለስላሳና የታሸገ ጁስ፣ ከረሜላና ብስኩት ቤት አይግቡ። ካሎሪ አላቸው፤ ሆድ ዘግተው ምግቡን ያስተዉታል እንጂ ልጅ አያሳድጉም።

ስለ ጾሙ የጻፍሽውን ብዙ እናት ስለማትጽፈው አመሰግንሻለሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ችግር ይሄ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትልም። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምንድን ነው ልጆቻችን በተግባር የሚጾሙት? ድስቱ ስለሚነካ ነው። እናት በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በየረቡዕና በየዓርቡ፣ በፍልሰታ፣ በነቢያት ጾም ለአንድ ልጅ ብላ የጾም ዕቃዋን በቅቤ ማስነካት ይከብዳታል። ቢላው፣ ማማሰያው፣ ድስቱ፤ ሁሉም የጾም ነው። እናም ልጁ ሳይታሰብበት ከእኛ ጋር ይጾማል።

አንዲት እናት ይህንን እንዴት እንደፈታችው ላሳይሽ። ትንሽ ቢጫ ክዳን ያላት ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ገዛች። መደርደሪያው ዳር ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ የሚታጠቡትም ለብቻ ነው፤ የሚነካቸው የልጁ ምግብ ብቻ ነው። እንቁላሉም ወተቱም በዚያች ድስት ይሠራል። ልጁ ቢጫዋን ክዳን ሲያይ የእሱ ሰዓት መድረሱን ያውቃል። አንቺም እንዲህ አድርጊ። ልብሽ ካልረጋ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ የሚነግሩሽ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ወተትና እንቁላል መግዛት ባልተቻለበት ቀን ደግሞ ሰሊጡ፣ ኦቾሎኒው፣ አቮካዶው፣ ዘይቱና ሽምብራው የጾም ምግቦች ናቸው፤ በእነሱም ጉርሻውን ማክበድ ይቻላል።

ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆያል ያልሽው ልቤን ነካኝ፤ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ስለሆነ። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን እፊቴ እያበላች ነበር። በአንድ እጇ ስልክ ላይ ካርቱን ይዛለች፣ በሌላው ጉርሻ። ልጁ ዓይኑ ስልኩ ላይ ፈጧል። አፉ ሲከፈት ጉርሻው ይገባል። አያኝክም። ጉንጩ ይሞላል። «ዋጥ! የእናቴ ልጅ፣ ዋጥ!» ትላለች። ላብ ወርዷት ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ ሁሉንም ተፋው፣ እሷም አለቀሰች። ስታለቅስ ልጁ ደንግጦ አያት። ለዚያ ልጅ ምግብ ማለት እናቱን የሚያስለቅስ ነገር ሆኖ ነበር።

በእኛ ዘንድ ጉርሻ ፍቅር ነው። በግድ ሲሆን ግን ልጁ ፍቅሩን አያየውም፤ የሚያየው ወደ አፉ የሚመጣ እጅ ነው። ስለዚህ ሥራ እንከፋፈል። ምን እንደሚቀርብ፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚበላ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ፣ የሚወስነው እሱ ነው። መሶቡ አጠገብ፣ በራሱ ሳህን፣ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ። ለብቻው ሳህን ያስፈለገው ምን ያህል እንደበላ እንድታዪ ነው። ትንሽ ብቻ አቅርቢ፤ ክምር ምግብ ልጅን ገና ሳይቀምስ ያጠግበዋል። በእጁ ይብላ፣ ይዝረክረክ። በ25 ደቂቃ ውስጥ ካልበላ ያለ ቁጣና ያለ ልመና አንሺው። ቀጣዩ ምግብ ወይም መክሰስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በመሀል ውኃ ብቻ። በቀን ሦስት ምግብና ሁለት መክሰስ።

አዲስ ምግብ ስታቀርቢ ሁልጊዜ ከሚወደው ጋር ይሁን፤ ከፓስታው ጎን አንዲት ማንኪያ ፍትፍት። ካልነካት ተያት። ከዚህ ዕድሜ ልጆች ብዙዎቹ አዲስ ምግብ ይፈራሉ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ካዩት በኋላ ነው የሚቀምሱት። እናቶች አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን «አይወድም» ብለው ይተዉታል።

ሽሮፑን አትግዢ። ፍላጎት ይከፍታል ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ያስተኛል፣ ሲቆምም ፍላጎቱ እንደነበረው ይመለሳል። ሐኪም ካላዘዘ ይቅር። በየሱቁ የሚሸጠውን ፕላምፒ ናትም እንዲሁ። እሱ ከባድ እጥረት ላለበት ልጅ በጤና ባለሙያ የሚታዘዝ ነው፤ ሱቅ ላይ ያለው ከሌላ የታመመ ልጅ አፍ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ይልቅ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ እነዚህን ጠይቂ። የሆድ ትል መድኃኒትና ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ይሰጣሉ፤ መቼ እንደወሰደ ካርዱ ላይ እዪ። ደሙ ይለካ። በተለይ አፈር ወይም ግድግዳ የሚልስ ከሆነ፣ የዓይኑ ቆብ ውስጥ ከነጣ፣ ቶሎ የሚደክም ከሆነ ተናገሪ። ሰገራውም ይታይ፤ ጃርዲያ ያለበት ልጅ ቢበላም አይወፍርም።

ሌላ ቀን ሳትጠብቂ የምትሄጂባቸው ነገሮች አሉ። እግሩ ካበጠ፣ ክንዱ ከ12.5 በታች ከወረደ፣ ተቅማጥ ወይም ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ካለ፣ ሲውጥ ትን የሚለው ወይም የሚያመው ከሆነ። የሚበላው ምግብ ዓይነት ከወር ወር እየጠበበ ከሄደ፣ ወይም ንግግሩ ከእኩዮቹ ከዘገየ፣ ያንንም ንገሪያቸው፤ አንዳንድ ልጅ የሚመርጠው በባሕርይው ሳይሆን የምግቡ ልስላሴና ሽታ ከልክ በላይ ስለሚረብሸው ነው። እሱ ሌላ ዓይነት እርዳታ ያስፈልገዋል።

በየቀኑ አትመዝኚው፤ ራስሽን ታሳብጃለሽ። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን፣ ጫማውን አውልቆ። በወር 170 ግራም ገደማ ከጨመረ እንደ እኩዮቹ እየሄደ ነው፤ 300 ከደረሰ እየካሰ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ካልጨመረ፣ ወይም ከቀነሰ፣ የሕፃናት ሐኪም ጋ ይታይ።

ለአማትሽ ያልኳቸው ሥራ ደግሞ ይኸውልሽ። ሰሊጡን እሳቸው ይቁሉት። እሳቱን እሳቸው ያውቁበታል፤ አያሳርሩትም። የልጁንም ትንሽ ድስት ስትገዢ አብረውሽ ይሂዱ፣ ቀለሙን እሳቸው ይምረጡ። ልጁም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሰሊጡ ሲንጣጣ ይይ። የቀዘቀዘውን በጣቱ ነክቶ ይቅመስ። ዛሬ ባይቀምስም ነገ ደግሞ ይቆላል።